911 ዝም ያለው ነፋሱ ካለፈ በኋላ ነው

ጁን 29 ቀን 2012፣ ዓርብ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ዋሽንግተን ዲሲ ያን ቀን 104 ዲግሪ ፋራናይት ገብታ ነበር፣ 40 ሴልሺየስ ማለት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ከምዕራብ በኩል ነፋስ መጣ። ዝም ብሎ ነፋስ አይደለም። ዴሬቾ ይሉታል፣ ቃሉ ስፓኒሽ ነው፣ "ቀጥ ያለ" ማለት ነው። እንደ ሌላው አውሎ ነፋስ አይሽከረከርም፤ ረጅም መስመር ሠርቶ ፊቱ ያገኘውን ሁሉ እየጣለ ቀጥ ብሎ ይነጉዳል። ከመካከለኛው ምዕራብ ተነሥቶ ግማሽ ቀን ባልሞላ ጊዜ እኛ ጋ ደረሰ። ዛፍ ጣለ፣ ምሰሶ ጣለ፣ ባለፈባቸው ግዛቶች ከ4 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት ጠፋባቸው።

ያን ሌሊት ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ነፋሱንና ሙቀቱን ነው። እኔ ግን ዛሬ ማውራት የምፈልገው ስለ ማግስቱ ነው። ዲሲ አጠገብ ባለችው በቨርጂኒያዋ ፌርፋክስ ካውንቲ የድንገተኛ አደጋ ስልኩ፣ 911፣ ሙሉ በሙሉ ዝም ያለው በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ነፋሱ አልፏል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ሰዉ ወጥቶ የወደቀውን ዛፍ እያየ ነው። የጥሪ ማዕከሉ ሕንፃ ቆሟል፣ ስልክ አንሺዎቹ ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ መብራትም አላቸው። ግን ስልክ አይጠራም።

እንዴት? ይቺን አንዲት ጥያቄ በደንብ የመለሰ ሰው፣ የቴሌኮም አስተማማኝነት ፖሊሲ የሚባለውን ነገር ግማሹን ጨርሶታል። ሌላው ግማሽ "ታዲያ ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ ይጠይቅ?" የሚለው ነው። እሱ ደግሞ የተቆጣጣሪው ሥራ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህን የሚሠራው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ነው፣ ኤፍሲሲ የሚባለው።

እስቲ ከሥሩ እንጀምር። 911 ስትደውሉ ጥሪው በቀጥታ ከእናንተ ስልክ ወደ ካውንቲው የጥሪ ማዕከል አይሄድም። መሃል ላይ የስልክ ኩባንያው ጣቢያ አለ። መስኮት የሌለው፣ ሰው ብዙ ልብ የማይለው ሕንፃ ነው። ጥሪው እዚያ ገብቶ፣ ከየት እንደመጣ ተለይቶ፣ ወደ ትክክለኛው ማዕከል ይላካል። ያ ሕንፃ መብራት ሲሄድበት ባትሪ ይረከበዋል። ባትሪው የሚቆየው ለጥቂት ሰዓት ነው፣ ሥራው ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድልድይ መሆን ነው። ጄኔሬተሩ ከተነሣ፣ ነዳጅ እስካለ ድረስ ነገሩ ይቀጥላል። ካልተነሣ ባትሪው ቀስ እያለ ያልቃል፤ ሲያልቅ ሁሉም ነገር አብሮ ይጠፋል።

የሆነው ይኸው ነው። አርሊንግተንና ፌርፋክስ ያሉት የስልክ ኩባንያው የቬራይዘን ሁለት ጣቢያዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጄኔሬተር ነበራቸው። በሁለቱም ጣቢያ ከሁለቱ አንዱ አልተነሣም። የአርሊንግተኑ ያልተነሣው ነዳጅ መስመሩ ውስጥ አየር ስለገባበት ነው ተብሏል። አየር! መኪና ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቃት ችግር። ባትሪው ሌሊቱን ሠራ፣ ጠዋት አለቀ። በዚያ ላይ የኔትወርኩን ጤንነት ለመቆጣጠሪያ ክፍል የሚናገረው መስመር ራሱ አብሮ ሞተ። ስለዚህ ኩባንያው ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ምን እንደሠራና ምን እንደተበላሸ በሩቅ ሆኖ ማየት አቃተው። ታሞ ቴርሞሜትሩም እንደተሰበረበት ሰው ማለት ነው።

"ሁለት ጄኔሬተር ካለ አንዱ ቢቀር ምን ችግር አለው?" የሚል ካለ፣ ጥያቄው ትክክል ነው። ግን ሁለት መሆን ብቻውን መጠባበቂያ አያደርግም። አንዱ ብቻውን የጣቢያውን ሸክም ሁሉ መሸከም የሚችል ከሆነ ሁለተኛው መጠባበቂያ ነው። ሸክሙን ለሁለት ተካፍለው የሚይዙ ከሆነ ግን የሁለቱም መኖር ግዴታ ነው፣ መጠባበቂያ የሚባለው ነገር የለም። ወረቀት ላይ ሁለቱም "2 ጄኔሬተር" ተብለው ነው የሚጻፉት። ጥሩ ተቆጣጣሪ እዚች ላይ ቆም ይላል።

ኤፍሲሲ ስድስት ወር ያህል መርምሮ ጃንዋሪ 2013 ላይ ሪፖርቱን አወጣ። በስድስት ግዛቶች 77 የጥሪ ማዕከሎች በተለያየ መጠን ተነክተዋል፣ እነዚህ ማዕከሎች የሚያገለግሉት ከ3.6 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነው። ከእነሱ ውስጥ 17ቱ ሙሉ በሙሉ ተቋርጠው ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው 911 ማግኘት የማይችልበት ሁኔታ ተፈጥሯል። ዋናው ቃል ግን ቁጥሩ ላይ አይደለም። ኮሚሽኑ ያለው፣ ኩባንያዎቹ ኢንዱስትሪው ራሱ "እንዲህ መደረግ አለበት" ብሎ የጻፈውን ቢፈጽሙ ኖሮ አብዛኛው ጉዳት አይደርስም ነበር ነው። የመጣው ነፋስ ከባድ ነበር፣ እውነት ነው። 911ን ያስቆመው ግን አስቀድሞ ሊታይ የሚችል ነገር ነው።

እዚህ ላይ ነው ፖሊሲ የሚባለው የሚጀምረው። መልካም ልምድ ተብሎ የተጻፈ ነገር ነበረ፤ ፈቃደኛ የሆነ ይፈጽመዋል፣ ያልፈለገ ይተወዋል። ዲሴምበር 2013 ላይ ኤፍሲሲ ይህን ቀየረው። 911 የሚያገለግሉ ኩባንያዎች በየዓመቱ፣ በኃላፊ ፊርማ፣ ሦስት ነገር እንዲያረጋግጡ አዘዘ፦ መስመር፣ መብራትና ክትትል።

መብራቱን አይተናል። አንድን የጥሪ ማዕከል በቀጥታ የሚያገለግል ጣቢያ ቢያንስ የ24 ሰዓት መጠባበቂያ ኃይል፣ ጥሪዎችን እየለየ ለየማዕከሉ የሚያከፋፍለው ትልቁ ጣቢያ ደግሞ የ72 ሰዓት እንዲኖረው ነው መለኪያው። ክትትሉም ግልጽ ነው፣ ያ "ቴርሞሜትር" በአንድ መስመር ብቻ እንዳይንጠለጠል ነው።

የሚያስቸግረው መስመሩ ነው፤ እሱን ረጋ ብለን እንየው። አንድ የጥሪ ማዕከል ሁለት መስመር አለው እንበል። አንዱ ቢበጠስ በሌላው ይሠራል። ጥሩ። ግን ሁለቱ ፋይበሮች በአንድ ቱቦ፣ በአንድ ቦይ ውስጥ ተኝተው ቢሆንስ? አዲስ አበባ መንገድ ሲቆፈር የኖረ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። አንድ ኤክስካቫተር ጥርሱን አንዴ ሲሰነዝር ሁለቱም ይሄዳሉ። ካርታው ላይ ሁለት ቀለም ያላቸው ሁለት መስመሮች ናቸው፤ መሬት ውስጥ ግን አንድ ጉድጓድ ነው።

ይባስ ብሎ፣ መጀመሪያ ሲዘረጉ ተለያይተው የነበሩ መስመሮች ከዓመታት በኋላ አንድ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። አንድ ቴክኒሻን አንድ ጥገና ላይ፣ ቀለል ስላለው፣ መስመሩን ወደ ሌላ ቱቦ ያዞረዋል። ክፉ አስቦ አይደለም፣ ሥራውን ለመጨረስ ነው። ከዚያ ሌላው ይጨምራል። አምስት ዓመት ሲሞላ ሁለቱ መስመሮች አብረው ይተኛሉ፣ ማንም ሳያውቅ። ለዚህ ነው ደንቡ "መስመሮቻችሁ የተለያዩ ናቸው ወይ?" ብሎ የማይተወው። በየዓመቱ መስመሩን ጫፍ እስከ ጫፍ ተከትላችሁ ፈትሹ፣ ምልክት አድርጉበት፣ ማንም እንዳያንቀሳቅሰው ይላል። አሰልቺ ሥራ ነው። ግን እኔ በበኩሌ ከዚያ ሁሉ ደንብ ውስጥ የሰው ነፍስ የሚያድነው ይሄ ይመስለኛል።

ደንቡ ቀዳዳም አለው። ኩባንያው የተባለውን ካላሟላ "በምትኩ ይህን አድርጌያለሁ" ብሎ አማራጭ መንገዱን ማስረዳት ይችላል። ምክንያቱ ይገባኛል። አንድ ትንሽ ተራራማ ካውንቲ ውስጥ ሁለተኛ መንገድ ላይኖር ይችላል፣ ለዚያ ቦታ አንድ ወጥ መለኪያ መጫን ከባድ ነው። ነገር ግን "አማራጭ" የሚለው ሣጥን ውስጥ የተጻፈውን ቁጭ ብሎ የሚያነብና መልሶ የሚጠይቅ ሰው ተቆጣጣሪው ቤት ከሌለ፣ ማረጋገጫው ፊርማ ያለበት ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

"ለምን ዝም ብሎ 'ሁሉም ይህን ያህል ሰዓት ባትሪ ይኑረው' አይባልም?" ትሉ ይሆናል። ተብሎ ነበር። ታሪኩ ደግሞ ያናድዳል።

ኦገስት 2005 ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ የአሜሪካን ደቡብ፣ የባሕረ ሰላጤውን ዳርቻ መታች። ከ3 ሚሊዮን በላይ የስልክ መስመሮች ተቋረጡ፣ 38 የ911 ማዕከሎች ቆሙ፣ ከ1,000 በላይ የሞባይል ማማዎች ጠፉ። ብዙዎቹ ማማዎች ነፋስ ጥሏቸው አይደለም፣ መብራት አጥተው ነው። ነዳጅ የያዘ መኪና በጎርፉ ማለፍ አልቻለም። በ2007 ኤፍሲሲ ደንብ አወጣ፦ ጣቢያዎች 24 ሰዓት፣ ማማዎች 8 ሰዓት መጠባበቂያ ኃይል ይኑራቸው። የሞባይል ኩባንያዎች ማኅበር ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ሳይሰጥ፣ በ2008 መጨረሻ የዋይት ሐውስ የበጀት ጽሕፈት ቤት ደንቡ የሚጠይቀውን የሪፖርት አሰባሰብ አልፈቅድም አለ። ደንቡ አንድ ቀን እንኳ ሳይሠራ ሞተ። ከካትሪና በኋላ የወጣ ደንብ፣ በወረቀት ሥራ ሰበብ!

የኩባንያዎቹን ክርክር ግን ፍትሐዊ ሆኜ ልንገራችሁ፣ ባዶ አይደለምና። ማማ ሲባል ሜዳ ላይ የቆመ ብረት ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ አንቴናዎች የሰው ሕንፃ ጣሪያ ላይ ናቸው፣ የቤተክርስቲያን ደወል ቤት ውስጥ የተሰቀሉም አሉ። የ8 ሰዓት ባትሪ ክብደቱ ብዙ ነው፣ ጣሪያው ላይችለው ይችላል። የሕንፃው ባለቤት ናፍጣ ጣሪያዬ ላይ አይቀመጥም ይላል፣ የከተማው የእሳት አደጋ ደንብም ይከለክላል። ያኔ በአገሩ 200 ሺህ ገደማ ማማዎች ነበሩ፤ እያንዳንዱን መፈተሽ ወጪው ብዙ ነው። ደግሞ ከተማ መሃል አንድ አንቴና ቢጠፋ ጎረቤቱ ይሸፍነዋል፣ ስለዚህ ሁሉም እኩል አያስፈልግም ይላሉ።

ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን መልሱ "እንግዲያው ምንም ደንብ አይኑር" አይደለም። መልሱ የትኛው ማማ የግድ መቆም እንዳለበት መለየት ነው። ካሊፎርኒያ ያደረገችው ይህን ነው። በ2019 መኸር የመብራት ኩባንያዎች የሰደድ እሳት እንዳይነሣ እያሉ መስመር ሲያጠፉ፣ ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ያለችው ማሪን ካውንቲ ከግማሽ በላይ የሞባይል ማማዎቿ ዝም አሉ። እሳት ሊመጣ ይችላል፣ ውጡ የሚለው መልእክት ደግሞ የሚደርሰው በስልክ ነው። በቀጣዩ ዓመት ጁላይ ላይ የግዛቲቱ ተቆጣጣሪ ከፍተኛ የእሳት ስጋት ባለባቸው ቦታዎች ላይ ብቻ የ72 ሰዓት መጠባበቂያ ግዴታ አደረገ። ሁሉም ቦታ አላለም፣ አደጋው ያለበትን ቦታ ለይቶ ነው።

ከካትሪና በኋላ የመጡት አውሎ ነፋሶችም ያው ናቸው። በ2012 መጨረሻ ሳንዲ ስትመጣ በ10 ግዛቶች በ158 ካውንቲዎች ውስጥ ካሉት ማማዎች ሩብ ያህሉ ጠፉ። በ2017 ማሪያ ፖርቶ ሪኮን ስትመታ ከ95 በመቶ በላይ ጠፉ። ከሳንዲ በኋላ ኤፍሲሲ የእያንዳንዱን ኩባንያ ውጤት ለሕዝብ ላውጣ ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ ደንበኛው አይቶ ይምረጥ ነው። ኩባንያዎቹ በ2016 በፈቃዳችን እንተባበራለን አሉ፣ ያ ሐሳብ ቀረ። ትብብሩ ጥሩ ነገር ነበረው፦ የአንዱ ማማ ሲጠፋ ደንበኞቹ በሌላው ኩባንያ ማማ እንዲጠቀሙ። ግን በፈቃድ ነው። በ2021 አይዳ ሉዊዚያናን መታች፣ በ2022 ኤፍሲሲ ያንኑ ትብብር ግዴታ አደረገው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ከአንድ አደጋ እስከ ቀጣዩ አደጋ እየታጠቅን፣ እየተፈታብን ሃያ ዓመት ያህል ሆነን።

አሁን ትንሽ ቁጥር። ሪፖርት ላይ የምታገኟቸው ቁጥሮች በቀላሉ ያታልላሉ።

ኩባንያዎች "አምስት ዘጠኝ" ይላሉ፣ 99.999 በመቶ ማለት ነው። በዓመት ውስጥ 5 ደቂቃ ብቻ ይቋረጣል እንደማለት ነው። 99.9 ብቻ ከሆነ ደግሞ በዓመት 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ ግን ዋናው ነገር እሱ አይደለም። እነዚያ ስምንት ሰዓቶች በዓመቱ ውስጥ በየሌሊቱ ትንሽ ትንሽ ተበታትነው ቢሆን ማንም ልብ አይላቸውም። አንድ ላይ፣ ያውም ሕዝቡ ሁሉ ስልክ በሚፈልግበት በዚያች ቅዳሜ ጠዋት ቢመጡ ግን ሌላ ነገር ናቸው። አማካዩ ሁለቱን አይለይም። የመቋቋም አቅም የሚባለው ደግሞ የሚለካው በክፉ ቀን ነው።

ሌላው ቁጥር 900,000 ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ መቋረጥ ለኤፍሲሲ ሪፖርት የሚደረገው ቢያንስ 30 ደቂቃ ከቆየና የተነካው ሰው ብዛት በደቂቃ ሲባዛ 900,000 ከሞላ ነው። ሌሎች መለኪያዎችም አሉ፣ ዋናው ግን ይሄ ነው። ለምሳሌ 30,000 ሰው ለ30 ደቂቃ ስልክ ካጣ ሞላ። ለተለመደው ስልክና ለሞባይል ኩባንያው በ120 ደቂቃ ውስጥ ያሳውቃል፣ በ3 ቀን የመጀመሪያ ሪፖርት፣ በ30 ቀን ደግሞ የመጨረሻውን ያስገባል። ጥሩ ሥርዓት ነው። ግን 2,000 ሰው ያለባትን የገጠር ከተማ አስቡ። 900,000 ለመሙላት 450 ደቂቃ ያስፈልጋታል። ሰባት ሰዓት ተኩል! ከዚያ በታች ከሆነ ይህ መለኪያ አያያትም። በእሷ ውስጥ ያለች አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ግን ትልቅ ከተማ ካለችው ሴት እኩል ነው 911 የምትፈልገው። ተንታኝ ብሆን ይህን መለኪያ አይቼ "ስንት ሰው ተነካ?" ከሚለው ጎን "ከዚያ አካባቢ ሕዝብ ስንት በመቶው ተነካ?" የሚለውን እጨምርበት ነበር።

ደግሞ እነዚህ ሪፖርቶች ምስጢር ናቸው። ጠላት እንዳይጠቀምበት ነው ምክንያቱ፣ ከሴፕቴምበር 11 በኋላ የመጣ ስጋት ነው። የትኛው ፋይበር የት ጋ እንደተኛ ለሕዝብ ይውጣ አልልም። ግን የእኔ ካውንቲ 911 ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ፣ ስንት ደቂቃ፣ በምን ምክንያት ተቋረጠ የሚለውን ማወቅ ለጠላት ምን ይጠቅመዋል? ለእኔ ግን ይጠቅመኛል። ምግብ ቤት በር ላይ የንጽሕና ውጤት የሚለጥፍ አገር ይህን ማድረግ አያቅተውም።

እስካሁን ያወራሁት ነፋስና ጎርፍ ነው። አሁን ነፋስ ወደሌለበት ቀን ልውሰዳችሁ።

ኤፕሪል 2014፣ እኩለ ሌሊት ገደማ። ዝናብ የለም፣ እሳት የለም። የዋሽንግተን ግዛት፣ ሲያትልና አካባቢዋ፣ ብዙ ወገኖቻችን ያሉበት ማለት ነው፣ 911 ሙሉ በሙሉ ጠፋ። የዋሽንግተን ብቻ አይደለም፣ በሰባት ግዛቶች ያሉ 81 የጥሪ ማዕከሎች ተነኩ። ከ11 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚያገለግሉ ናቸው። ስድስት ሰዓት ቆየ፣ ከ6,600 በላይ ጥሪዎች ሳይደርሱ ቀሩ። ሌባ ቤቷ የገባባት አንዲት ሴት 37 ጊዜ ደወለች ተብሏል።

ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል? አንድ ቆጣሪ ሞላ። ኢንትራዶ የሚባለው ኩባንያ ኮሎራዶ ውስጥ ኢንግልውድ ላይ አንድ ማዕከል ነበረው፣ የእነዚህ ሁሉ ግዛቶች ጥሪ እዚያ ያልፋል። ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ጥሪ ተራ ቁጥር ይሰጣል። የቁጥሩ ጣሪያ 40 ሚሊዮን እንዲሆን አንድ ሰው አንድ ቀን ወስኗል። ያ ቁጥር ሲሞላ ሲስተሙ አዲስ ቁጥር መስጠት አቆመ፣ ጥሪዎችም መሄጃ አጡ። ማስጠንቀቂያው ዝቅተኛ ደረጃ ተብሎ ስለተመደበ ቶሎ ያስተዋለው አልነበረም። ሚያሚ ላይ ሁለተኛ ማዕከል ነበራቸው፣ መጨረሻ ላይ ጥሪዎቹን ወደዚያ በማዞር ነው የተፈታው። ግን ሲስተሙ ራሱ አላዞረውም፣ ሰው ችግሩን አግኝቶ እስኪያዞረው ድረስ ስድስት ሰዓት አለፈ። በቀጣዩ ዓመት የስልክ ኩባንያው ሴንቸሪሊንክና ኢንትራዶ በድምሩ 17.4 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ።

ይህን የማነሣው የድሮው ስልክ ጉዳት ሲደርስበት ጉዳቱ የሰፈር ስለነበር ነው። የአርሊንግተን ጄኔሬተር ሰሜን ቨርጂኒያን ጎዳ፣ ሲያትልን አልነካም። አሁን ግን ጥሪ በኢንተርኔት ቴክኖሎጂ እየሄደ፣ ብዙ ግዛት በአንድ ማዕከል እየተጠቃለለ ነው። ርካሽ ነው፣ ዘመናዊ ነው፣ ብዙ ጥቅም አለው። ሲበላሽ ግን ሰፈር አይመርጥም። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ከናፍጣ ታንከር ባልተናነሰ "ይህ ሶፍትዌር የት ላይ ይሞላል? ሲሞላ ማን ይነቃል? ወደ ሌላው ማዕከል በራሱ ይዞራል ወይስ ሰው ይጠብቃል?" ብሎ መጠየቅ አለበት። መልሱን በቃል መቀበልም አይበቃም። አንድ ቀን፣ ሁሉም ሰላም በሆነበት ሰዓት፣ አንዱን ማዕከል ሆን ብሎ አጥፍቶ ማየት ነው።

የመጨረሻው ነገር ቤታችሁ ውስጥ ነው ያለው። የድሮው የመዳብ ስልክ መብራት ከጣቢያው በራሱ ገመድ ይመጣለት ነበር። ቤት ውስጥ መብራት ቢሄድ እንኳ ስልኩ ይሠራል። ፋይበር ግን ኤሌክትሪክ አያመጣም፣ ብርሃን ነው የሚሸከመው። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ያለችው ሣጥን የቤታችሁን መብራት ትፈልጋለች። መብራት ሲሄድ ባትሪ ከሌላት ስልኩ አብሮ ይሄዳል። በ2015 ኤፍሲሲ ኩባንያዎች ለቤት ስልክ ደንበኞች መጀመሪያ የ8 ሰዓት፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ የ24 ሰዓት ባትሪ እንዲያቀርቡ አዘዘ፤ ትእዛዙ የሚሠራው እስከ 2025 ነበር። ያቅርቡ ነው ያለው፣ ይስጡ አይደለም። የሚገዛውም የሚቀይረውም ደንበኛው ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።

እኛ ሕንፃ ታች አንዲት እናት አሉ፣ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ደም ግፊት አለባቸው፣ ሞባይል አይወዱም፣ የቤት ስልካቸውን ነው የሚያምኑት። አንድ ቀን ቡና ሊያጠጡኝ ጠርተውኝ ቁጭ እንዳልኩ ጢው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ደገመው።

"እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ተወው ልጄ፣ ያ የጭስ ነገር ነው። ባትሪውን ሦስቴ አስቀየርኩት፣ እምቢ አለ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከፋሲካ ወዲህ።"

የጭሱ አልነበረም። ኮት መስቀያው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከክረምት ጫማቸው ጀርባ፣ አንዲት ግራጫ ሣጥን ቀይ መብራት አብርታ ትጮሃለች። ባትሪ ቀይሩልኝ ነው የምትለው። ኩባንያው ሲያስገባላቸው ምን እንደሆነች የነገራቸው የለም፣ የሰጣቸው ወረቀት ካለም በእንግሊዝኛ ነው። ከፋሲካ ጀምሮ መብራት በሄደ ቁጥር የሚያምኑት ስልክ አብሮ ይጠፋ ነበር ማለት ነው፣ ደግነቱ በዚያ መሃል አላስፈለጋቸውም። እኔ አሁን ወገን የሚበዛበት ሰፈር ያሉ አስተዳደሮች ስለዚህች ሣጥን አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛ ቢያወጡ ብዬ አስባለሁ። ከባድ አይደለም። እናንተም የእናታችሁን፣ የአክስታችሁን ቁም ሣጥን እዩ። በብዙዎቹ ላይ ባትሪው የሚይዘው ስልኩን ብቻ ነው፣ ዋይፋዩን አይደለም፣ ስለዚህ በዋትሳፕ እደውላለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። 911 ስትደውሉ ደግሞ መጀመሪያ አድራሻችሁን ተናገሩ፤ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ የት እንዳላችሁ ያውቃሉ። ከዚያ "አማርኛ" በሉ፣ አስተርጓሚ ይፈልጋሉ።

አዲሱን ባትሪ ገዝቼ ቅዳሜ ወረድኩ። ከገባ በኋላ እማማ "በቃ ተሠራ?" አሉ። "ገና ነው፣ እንፈትነው" ብዬ የሣጥኗን ሶኬት ከግድግዳው ነቀልኩት። ስልኩን አንሥተው ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ቱ የሚለው ድምፅ አለ። ሶኬቱን እንደተነቀለ ትተነው ቡናው እስከ በረካ ድረስ ጠጣን፣ ከዚያ እንደገና አነሡት፣ አሁንም አለ። ሶኬቱን መለስኩና ባትሪው ላይ ቀኑን በማርከር ጻፍኩበት።